ዘጠናው ይሸጥ፣ አሥሩ ይቆይ

ጥቅምት 9

ለእህቴ ልጅ፣ ለፍርፋሪዬ፤

ሰላምታዬ ሳይበርድ ይድረስሽ። ወገብሽን ያጽናልኝ፣ እጅሽን ይባርክልኝ። እኔ ዓይኔ ከመደብዘዙ በቀር ደህና ነኝ። ስልክ አልደውልም ስላልኩሽ አትቀየሚኝ። በስልክ ስናወራ አንቺ እዚያ ትጮኺያለሽ፣ እኔ እዚህ እጮኻለሁ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጉዳችንን ይሰማል። ወረቀት ቢዘገይም አያሳብቅም።

አሁን ተቀመጪ። ቆመሽ ከሆነ አላወራሽም።

ትናንት የባንኩ ጠቅላላ ጉባኤ ነበር። እንደ ወትሮው ኮቴን ቦርሼ ሄጄ ከመሥራቾቹ ጋር ከፊት ረድፍ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያ ዱቄት ነጋዴው ነበር፤ ዳቦ ቤቱ በኔ እጅ ሳለ ዕድሜዬን ሙሉ ዱቄት የገዛሁት ሰውዬ፣ ታውቂዋለሽ። ሊቀመንበሩ ሲያወራ ሲያወራ ቆይቶ፣ «ከእንግዲህ እያንዳንዱ አክሲዮን በአሥር ይከፈላል» አለ። እጃችሁን አውጡ ተባልን፣ አወጣን። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። እኔና እናትሽ የገዛናቸው አሥሩ አክሲዮኖች በአንድ ከሰዓት መቶ ሆኑ!

ዱቄት ነጋዴውን «ምን ማለት ነው ይሄ?» ብለው፣ «ያው እንደምታየው ነው፤ በዛልህ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ባንክ ሄጄ መስኮት ላይ ያለችውን ልጅ ጠየቅኳት። «አባባ፣ የተለወጠው ቁጥሩ ብቻ ነው» አለችኝ። ቁጥሩ እንደተለወጠማ እኔም አይቻለሁ! ልታስረዳኝ ስትጀምር ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ፤ አመስግኜ ወጣሁ።

እናትሽ ይህን ቀን ብታይ ምን ነበረበት። ባንኩ ከጫማ መሸጫው በላይ ባለች ጠባብ ክፍል አንድ ጠረጴዛና ሦስት ወንበር ይዞ ሲጀምር፣ እሷ የስፌት መኪናዋን ሸጣ፣ እኔ ለአዲስ ምድጃ ያጠራቀምኩትን ይዤ ሄድን። ሰፈሩ «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ ሳቀብን። እሷ አምስት፣ እኔ አምስት። «ሁሉም ባንተ ስም ይሁን፤ እኔ ወረቀት ቤቴ ካስገባሁ የልብስ ልክ አወጣበታለሁ» አለች። ከዚያ ደረጃውን ስንወርድ ያለችኝን እስከ መቃብሬ አልረሳውም፤ «የኔዎቹ የልጄ ናቸው። የትም ብትሄድ መመለሻ ይኑራት።»

እንግዲህ ከመቶው እኩሌታው ያንቺ ነው። ያላንቺ ቃል አንዲቷንም አልነካም። ምን ላድርግ? ንገሪኝ።

አጎትሽ፣ ጡረተኛው ዳቦ ጋጋሪ

*

ኅዳር 2

ለማከብርዎ ለጋሼ፤

ደጅዎ ሰላም፣ ቤትዎ ሙሉ፣ ዓይንዎ ብርሃን ይሁንልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን የከፈትኩት ሆቴሉ ምድር ቤት፣ እኛ የምናጥብበት ክፍል ውስጥ፣ ገና ትኩሳቱ ያልወጣለት የፎጣ ክምር ላይ ተቀምጬ ነው። «ተቀመጪ» ሲሉኝ ተቀምጬ ነበር ማለት ነው። «መቶ ሆኑ» የሚለው ላይ ስደርስ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ ብቻ አለቃዬ ሮጣ መጥታ «ሰው ሞቶብሽ ነው?» አለችኝ። ሳቄ ለቅሶ መስሏት።

ጋሼ፣ ይሄ ምን ምክር ያስፈልገዋል? አሥሩ እርስዎና እናቴ በላባችሁ የገዛችኋቸው ናቸው። ዘጠናው የተወለደ ነው። ጥጃ ቢሸጥ ላሟ የትም አትሄድ። ስለዚህ ዘጠናው ይሸጥ፣ አሥሩ ይቆይ። ጣሪያው ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ ከመደርደር ይገላግልዎ፤ ያሳድሱት። ዓይንዎን ይታከሙ፤ ይሄን አደራ ብያለሁ። የተረፈውን ያስቀምጡልኝ፣ ስመጣ አብረን እንመክርበታለን።

ብቻ ዘመድ እንዳይሰማ! በእኛ ሰፈር የገንዘብ ሽታ ከዳቦ ሽታ ቀድሞ ነው የሚደርሰው። እርስዎ ደግሞ እምቢ ማለት አያውቁበትም፤ ድሮም ለተራበው ሁሉ ዳቦ በዱቤ እየሰጡ ነው ሱቁን ለሌላ ያስረከቡት። ይህን ስል ለመናቅ እንዳይመስልዎ፤ እኔንም ያሳደገኝ ያው እጅ ነው።

አሥሩን ግን እንዳይነኩ። የእናቴ የስፌት መኪና ናቸው።

እጅዎን የምስም፣ ፍርፋሪዎ

*

ኅዳር 28

ለፍርፋሪዬ፤

እድሜና ጤና ከነበረከቱ ይስጥሽ። ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ፤ ረቡዕ ጠዋት ዱቄት ነጋዴው ቢሮ ነበርኩ። እንዳልሽው ዘጠናውን ሸጥኩለት። ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ዋጋ፣ አንድም ሳንከራከር። «ከወንድም ጋር ዋጋ አልማታም» አለኝ። ሻይ አስመጣልኝ፣ መኪናው ላይ አሳፍሮ ባንክ ድረስ ወስዶ አስፈረመኝ፣ መልሶም ቤቴ አደረሰኝ። ድሮ ዱቄት በዱቤ ስጠይቀው የሚያዛጋው ሰው! ገንዘብ ሲኖርህ የሰው ጠባይ እንዲህ ያምራል።

ጣሪያው አልቋል። አዲስ ቆርቆሮ ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ማየት አይቻልም። ባልዲዎቹን ለጎረቤት አከፋፈልኳቸው።

አንድ ነገር ሳልደብቅሽ፣ ዘመድ ሰምቷል። እኔ ለማንም አልተናገርኩም፤ ቆርቆሮው ነው የተናገረው። የወንድሜ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ይዘው መጡ፤ ከፈልኩ። የሟች ባለቤቴ እህት የታመመ ልጇን ይዛ መጣች፤ ዝም ልበል? ሌሎችም መጡ። የተወለደ ነገር ስለሆነ እጄ አልሳሳም፤ ላሟ በረት ውስጥ ናት ብዬ። ዓይኔን ቀስ ብዬ እታከመዋለሁ፤ የትም አይሄድ። የተረፈውም ትንሽ ነገር አለ።

ከእንግዲህ ግን ገንዘብ እንዳትልኪልኝ። እስከ ዛሬ በየወሩ የላክሽልኝ ይበቃል። አሁን አጎትሽ ባለጸጋ ነው። ከሁለቱ ሥራሽ አንዱን ተይና ተኚ፣ እረፊ። ወጣትነትሽን በሰው አንሶላ አትጨርሺው።

አጎትሽ፣ የአዲሱ ጣሪያ ጌታ

*

ጥር 14

ለማከብርዎ ለጋሼ፤

ጤናዎ እንደ ጣሪያዎ አዲስ ይሁንልኝ። የዘገየሁት ደስ በሚል ምክንያት ነው። የማታውን ሥራ፣ ያን ቢሮ ጽዳት፣ ተውኩት! እንዳሉኝ አደረግኩ። ተቆጣጣሪው «አስበሽበታል? ቦታሽን የሚጠብቅ ሰው ሞልቷል» አለኝ። «ይውሰደው» አልኩትና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። አቤት ስታምር ያቺ አነጋገሬ። ውጭ ገና ብርሃን ነበር። ከሥራ በብርሃን መውጣት ምን እንደሚመስል ረስቼው ነበር።

ሌላም አለ። ልመለስ ነው የማስበው ጋሼ። ዛሬ ነገ አይደለም፣ ግን ዘንድሮ። ሁለት ትልልቅ ማጠቢያ ማሽንና አንድ መተኮሻ ያላት ትንሽ ቤት እከፍታለሁ። የሆቴል አንሶላ፣ የሐኪም ቤት ጋውን፣ እሱን እንደኔ የሚያውቅ እዚያ የለም። እናቴ ያለችው መመለሻ ማለት ይሄ አይደል? የተረፈው ገንዘብና አምስቱ አክሲዮኔ እንደሚያስጀምረኝ አስቤያለሁ። ለአብረውኝ ሠራተኞችም ተናግሬያለሁ፤ ከአሁኑ «እመቤቲቱ» እያሉ ይቀልዱብኛል።

በይ ይበሉኝ ጋሼ። የእርስዎን ምርቃት ሳልሰማ ምንም አልጀምርም።

ፍርፋሪዎ

*

መጋቢት 20

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። የዘገየሁት ትንሽ ጉንፋን ነገር ይዞኝ ነው፤ አሁን ለቆኛል።

ያሰብሽው ጥሩ ነው። ግን ምን ያስቸኩላል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የማታውን ሥራ በእርግጥ ተውሽው? ሰውዬው መልሶ አይቀበልሽም ይሆን? ጠይቂው እስቲ፣ መጠየቅ አያስከፍልም።

ዘንድሮ ባንኩ የከፈለን የትርፍ ድርሻ አነስ ብሏል። መቼም ሁልጊዜ እኩል አይሆንም።

ማስቸገር አይሁንብኝና፣ ቢኖርሽ ትንሽ ገንዘብ ብትልኪልኝ ጥሩ ነበር። ጣሪያው የቀረው ሥራ አለ። ከሌለሽ ግን ተይው፤ እንዳትበደሪ።

አጎትሽ

*

ሚያዝያ 8

ለማከብርዎ ለጋሼ፤

ፈጣሪ ከጉንፋንም ከሐሳብም ይሰውርዎ። ያሉኝን ልኬያለሁ፤ ትንሽ ናት፣ ይቅር ይበሉኝ።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ አይቆጡኝም? ጣሪያው በኅዳር አልቋል ብለውኝ ነበር። ባልዲዎቹን እንኳ ሰጥተዋል። ታዲያ የቀረው የቱ ነው? ደግሞ ደብዳቤዎ አጠረብኝ። እርስዎ አንድ ወሬ ለመጀመር ሦስት ቀልድ የሚያስቀድሙ ሰው ነዎት፤ በዚህኛው አንድም የለም። ታመው ከሆነ ይንገሩኝ። በአካል ርቄያለሁ እንጂ በጆሮ አልራቅኩም።

የእኔም ወሬ ደስ አይልም። ሆቴሉ አንሶላውን ወደ ውጭ ድርጅት መላክ ጀምሯል፤ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነው የምሠራው። ወደ ማታው ሥራ ብመለስ «ሰው ይዣለሁ» አለኝ፤ ያችን አነጋገሬንም አልረሳልኝም። ወገቤ ደግሞ ከባድ ነገር ሳነሳ ይቆልፈኛል። ሐኪሙ እረፊ አለኝ፤ እረፍቱን ማን እንደሚከፍለኝ ግን አልነገረኝም።

ስለዚህ ጊዜው ደረሰ መሰለኝ። የእናቴን አምስቱን አክሲዮን ይሽጡልኝ። አይንኩ ብዬ ነበር፤ አሁን ይንኩልኝ። በዚያ ቲኬቴን ቆርጬ እመጣለሁ፣ አንዷን ማሽን እንኳ እገዛለሁ። ከገንዘቡ በፊት ቃልዎን እጠብቃለሁ። ቶሎ ይጻፉልኝ።

ፍርፋሪዎ

*

ሰኔ 3

ለጋሼ፤

ጤና ይስጥልኝ። ሚያዝያ አለቀ፣ ግንቦት አለቀ፣ ከእርስዎ አንዲት መስመር አልመጣም። ስልክ ብደውል አያነሱም። ጎረቤትዎን ባገኛት «ደህና ናቸው፣ ጠዋት ጠዋት ይወጣሉ» አለችኝ። የት ነው የሚወጡት?

አሁን የምጽፈውን ተቀምጠው ያንብቡት። አብራኝ የምትተኩስ አንዲት ሴት አለች፤ በአገሯ የባንክ ገንዘብ ያዥ ነበረች። ትናንት ምሳ ላይ ስለ አምስቱ አክሲዮን አወራኋት። መቶ እንደሆኑ፣ ዘጠናው እንደተሸጠ፣ ሁሉንም። ማኘክ አቆመች። ከክምሩ አንድ አንሶላ አነሳችና እያጠፈች አሥር እጥፍ አደረገችው፤ ከዚያ «በዛ?» አለችኝ።

ላሟ አልወለደችም ጋሼ። የበዛው ወረቀቱ ነው፤ እያንዳንዷ የድሮዋን አንድ አሥረኛ ነበረች። መቶውን የያዘ ሰው ምንም አልጎደለበትም፣ ምንም አልጨመረለትም። ዘጠናውን የሸጠ ግን ከአሥር እጅ ዘጠኙን ሸጧል። የቀሩት አሥሩ የድሮዋ አንዲት አክሲዮን ናቸው። የእናቴ አምስቱ ደግሞ የአንዲቷ ግማሽ።

እስቲ አልሸጥኳቸውም ይበሉኝ። ለወሬ ያህል ነው የጻፍኩልሽ ይበሉኝ፣ አምናለሁ። ማን ነው እንዲህ ያለ ምክር የመከረዎት? ያ ዱቄት ነጋዴ ነው? እኔ እኮ «እንዳይነኩ» ብዬ ነበር! ቃሌን አስታውሳለሁ፤ የእናቴ የስፌት መኪና ናቸው ብዬ ነበር። ምነው ጋሼ፣ ምነው?

የእህትዎ ልጅ

*

ሰኔ 25

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ልበልሽ ብል ድፍረት ይሆንብኛል፤ ግን ያለ ሰላምታ ጽፌልሽ አላውቅም። ሰላም ለአንቺ ይሁን።

ሸጫቸዋለሁ። አንሶላ አጣፊዋ ያለችሽ ሁሉ እውነት ነው።

ማንም አልመከረኝም። ደብዳቤሽ ከመድረሱ በፊት ነው የሸጥኩት። ገንዘብ ዓይኔን ጋረደውና አንቺን እንኳ መጠበቅ አቃተኝ። ስለዚህ ጥፋቱን ለማንም አታካፍዪ፤ የኔ ብቻ ነው። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል እንስቅ ነበር፤ ሴትዮዋ እኔ ነኝ።

የተረዳሁት በመጋቢት፣ የትርፍ ድርሻ ለመቀበል ስሄድ ነው። መስኮቷ ላይ ያለችው ያቺው ልጅ ገንዘቡን ስትሰጠኝ «ተሳስተሻል፣ ይሄ ያንድ አክሲዮን ነው» አልኳት። ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ያን ቀን ሰልፍ አልነበረም። ምናለ በጥቅምትም ባይኖር። ባንኩ አዳዲስ አክሲዮን እያወጣ ነው፤ ለነባር ባለአክሲዮኖች የሚደርሳቸው ባላቸው ልክ ነው አለችኝ። ለኔ ሊደርስ የነበረው ከአሥር ዘጠኙ አሁን ለዱቄት ነጋዴው ይደርሳል።

አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ ጋጋሪ ነኝ። የዳቦ ዋጋ አትጨምሩ በተባልን ዘመን ምን እናደርግ እንደነበር ታውቂያለሽ? ያንኑ ሊጥ ድቡልቡሉን አሳንሰን ትሪው ላይ እናበዛዋለን። ሰው ዳቦ በዛልን ብሎ ይደሰታል፤ ሊጡ ግን ያው ሊጥ ነው። ዕድሜ ልኬን በገዛ እጄ የቆረስኩትን፣ ባንክ ሲቆርሰው አላወቅኩትም። ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ይሄ ያንገበግበኛል።

ዱቄት ነጋዴው ዘንድ ሄጄ ነበር። «መልስልኝ፣ የከፈልከኝን እየሠራሁ እከፍልሃለሁ» አልኩት። ዛሬ ገበያው ላይ ወረቀቱ ከሚለው ሦስት እጥፍ እንደሚያወጣ ነገረኝ። «ያኔም እንዲሁ ነበር?» አልኩት። «ያኔም እንዲሁ ነበር» አለኝ። «ታውቅ ነበር?» «እኔ ና ሽጥልኝ አላልኩህም፤ አንተ ነህ የመጣኸው።» ይሄ ደግሞ እውነት ነው፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ሻይ አስመጣልኝ። አልጠጣሁትም።

የተረፈ ገንዘብ የለም። የላክሽልኝንም ለጣሪያ አላዋልኩትም፤ ለመብራትና ለቀለብ ሆነ። ዘመዶቼን እየዞርኩ ብጠይቃቸው ሁሉም ጉዳይ ላይ ናቸው። አንዱማ «አጎቴ፣ የስጦታ ገንዘብ ይመለሳል እንዴ?» አለኝ። አይመለስም።

ቤቱን ልሽጠው አስቤያለሁ። አዲስ ጣሪያ ስላለው ጥሩ ያወጣል። አምስቱን አክሲዮንሽን በድሮው ዋጋ አድርጌ እሰጥሻለሁ፤ እኔ የትም እንደ ሰው እኖራለሁ። እሺ በይኝ። እናትሽን በወዲያኛው ዓለም በምን ዓይኔ አያታለሁ? ዓይኔስ ቢሆን ሊጨልም ነው።

አጎትሽ

*

ሐምሌ 18

ለማከብርዎ፣ መዋሸት ለማይችሉበት ለጋሼ፤

ጤናዎን፣ ዕድሜዎን፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ልብዎን ይጠብቅልኝ።

ደብዳቤዎችዎን በትራስ ልብስ ጠቅልዬ ሥራ ቦታ ሳጥኔ ውስጥ ነው የማስቀምጣቸው። የመጨረሻው ሲደርሰኝ ተናድጄ ስለነበር አንድ ላይ ልቀዳድዳቸው አወጣኋቸው። እውነቴን ነው፣ ልቀዳድዳቸው ነበር። የኅዳሩ ከላይ ሆነ። «ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ፤ ረቡዕ ጠዋት ዱቄት ነጋዴው ቢሮ ነበርኩ። እንዳልሽው ዘጠናውን ሸጥኩለት።»

እንዳልሽው።

ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ያን ቀን የፎጣ ክምር ላይ ሆኜ የጻፍኩት ቃል በቃል መጣልኝ። ላሟን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጥጃውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። «ምን ምክር ያስፈልገዋል» ብዬ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ ዘጠናው ይሸጥ ያልኩት እኔ ነኝ። «አይንኩ» ያልኩትን ብቻ ይዤ ሌላውን አእምሮዬ ደብቆልኝ ኖሯል። ይባስ ብዬ ደግሞ «ማን መከረዎት» ብዬ ጠየቅኩዎ!

«አንቺ» ማለት ነበረብዎ ጋሼ። አንዲት ቃል ነች። ከመጋቢት ጀምሮ እያወቁ፣ እኔ ስጮህብዎ፣ ዝም ብለው ተቀበሉ። ቀድሜ ሸጥኩ ብለው ዋሹ። የሰረቁ ይመስል ቤትዎን ሊሸጡልኝ ተነሱ። እኔ እንዳላፍር ብለው ነው አይደል? ይኸው አፈርኩ፤ በእጥፍ አፈርኩ። አለቃዬ ዳግመኛ ሮጣ መጥታ «ሰው ሞተብሽ?» አለችኝ፤ በዚህኛው አልተሳሳተችም ማለት ይቻላል።

አሁንም ግን ተናድጃለሁ፤ ልዋሽዎ አልችልም። በራሴ፣ በእርስዎ፣ በዚያ ሰልፍ። ያቺን ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ ደግመው ቢጠይቋት! እኔስ ያን ቀን ይህችን ሴት ጠይቄ ቢሆን! አጠገቤ ነበረች፤ አንድ አንሶላ ተጋርተን ስናጥፍ ነው የምንውለው። ማታ ማታ ይሄን እያሰብኩ ጣሪያ አያለሁ። የእርስዎን አዲሱን ጣሪያ ሳይሆን፣ የዚህን።

ቤቱ አይሸጥም። ሰምተውኛል? ልሽጠው ብለው ቢነሱ ቆርቆሮው ላይ ወጥቼ እቀመጣለሁ፤ ጉድ ይባላል። የእናቴም አምስቱ ይቆዩ፤ ግማሽ አክሲዮንም ቢሆኑ።

እመጣለሁ። ማሽን የለኝም፣ ለቲኬቱ ገና ትንሽ ይቀረኛል፣ ወገቤም ያው ነው። «እመቤቲቱ» ባዶ እጇን ነው የምትመጣው። ሰው ምን ይለኛል እያልኩ አልቅሻለሁ፤ ከዚያ ግን አንድ የሚያሳስበኝ ቀረ፤ እርስዎ ይቀበሉኛል?

ፍርፋሪዎ

*

ነሐሴ 21

ለፍርፋሪዬ፤

ሰላምታዬ ይቅደመኝ፣ ምርቃቴ ይከተለው። መንገድሽን ያቅናልሽ።

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው የምትጠይቂኝ? ይቀበሉኛል ትላለች! ባልዲዎቹን ሰጥቻለሁ እንጂ ፍራሽሽን አልሰጠሁም።

ውሸቴን ስለያዝሽብኝ ተናድጃለሁ። ቀኑን መጻፌ ነው ያጋለጠኝ፤ ድሮም ሌባ መሆን አልችልበትም። ግን ስሚኝ፤ ከኔ አንደበት «አንቺ ነሽ» የሚለው ቢወጣ፣ ገንዘቡ አይመለስ፣ አንቺ ግን እዚያ በሰው አገር ብቻሽን ትሰበሪያለሽ። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው አልኩ። ትክክል ነበርኩ አልልም። እኔም ምክርሽን የጠየቅኩሽ፣ ራሴ መወሰን ፈርቼ እንደሆነ አሁን ይታየኛል።

ጎረቤቴ «ጠዋት ይወጣሉ» ያለችሽ ልክ ናት። ከሚያዝያ ጀምሮ ድሮ የኔ በነበረው ዳቦ ቤት ተቀጥሬ ሊጥ እቆርሳለሁ። አትጩኺብኝ! ምድጃው ጋ አልቀርብም፤ ተቀምጬ ነው። ዓይኔ ባያይም እጄ ሚዛን ነው። ዛሬም ድቡልቡሉን ሚዛን ላይ ሲያስቀምጡት አንዲት ፍሬ አይዛነፍም። ለወጣቶቹ «አታሳንሱት፣ ሰው ይታለላል» ስላቸው ይስቁብኛል፤ ለምን እንደምላቸው አያውቁም።

ባለፈው ሳምንት ደሞዜን ይዤ ባንክ ሄድኩ። መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ ስታየኝ ፊቷ ጠቆረ፤ ላለቅስባት የመጣሁ መስሏት። «አንዲት አክሲዮን ስንት ናት?» አልኳት። ነገረችኝ። ድሮ አምስቱን ለመግዛት የእናትሽ የስፌት መኪና ከነጠረጴዛው አልበቃም ነበር፤ እህል ጨምራበት ነው። ይህችን የተቆረሰችውን ግን አንድ ሊጥ ቆራሽ ሳምንት ሠርቶ ይገዛታል። ያጠፋን ነገር እንዲህም አድርጎ መግቢያ በር ይተው ኖሯል። ከፈልኩ። «በማን ስም ይሁን?» ስትለኝ ሙሉ ስምሽን ነገርኳት። ፍርፋሪ ብዬ ልሳሳት ትንሽ ነበር የቀረኝ።

በጥቅምት ጉባኤ አለ። ከፊት ረድፍ አያስቀምጡኝም። ከኋላ ሁለት ወንበር ይዤ እጠብቅሻለሁ፣ አንቺም ባለአክሲዮን ነሽና። የማይገባን ነገር ሲናገሩ እጅ አናወጣም፤ ተነስተን እንጠይቃለን። ሰልፉ ቢያጉረመርምም።

አሥሩን አይንኩ ብለሽኝ አልነበር? አልነካኋቸውም። አሥራ አንድ ናቸው። ነይ።

አጎትሽ፣ ሊጥ ቆራሹ